አቦል ሳይቀዘቅዝ

«ሳይቀዘቅዝ ጠጣው!» ብላ የማታውቅ እናት ካለች አሳዩኝ። ሲኒውን እጃችን ላይ ታስቀምጣለች፤ እኛ ወሬ ይዞን እንቀራለን፤ እሷ ግን አንዴ ሲኒውን፣ አንዴ ፊታችንን ታያለች፤ በመጨረሻ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ይቺን ቃል ጣል ታደርጋለች። እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። የማያልቅ የሚመስለውን ነገር ማን ይቆጥራል?

እንግዲህ ስሙኝ። ኦሳካ የተወለደ ቶሺካዙ ካዋጉቺ የሚባል ጃፓናዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ ከእናቶቻችን አፍ የሰማ ይመስል፣ «ቡናው ሳይቀዘቅዝ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ታሪክ ጻፈ። መጀመሪያ ተውኔት ነበር፤ ቶኪዮ ውስጥ በሱጊናሚ የቴአትር ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ልቦለድ ሆኖ ታተመ፤ በ2017 ደግሞ ተከታዩ ወጣ። የማወራችሁ ስለ ተከታዩ ነው። ጄፍሪ ትሩስሎ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ2020 ወጥቷል፤ እኔም ያነበብኩት በዚያ ነው። ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ለአንዲት ሴት አወራሁት፤ ደብረ ብርሃን፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ከሰል ዳር ቁጭ ብዬ።

ሴትየዋ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። እትዬ ነው የምላት።

ደብረ ብርሃንን በታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቃታል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል። እዚያ ቡና ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ተጉዤ ስደርስ መሽቷል። በማግስቱ የእናቴ ሙት ዓመት ነው። እንጀራው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ የጎረቤት ሴቶች ደክሟቸው ወደየቤታቸው ገብተዋል። እትዬ ብቻዋን ማንደጃው ዳር ኩርምት ብላለች። ጋቢዋን ደርባለች፤ ከጋቢው ሥር ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ዓመት ሙሉ አላወለቀችውም።

ከሰሉ ፍም ሆኗል። ጀበና ግን አልተጣደበትም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴና እትዬ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ቡና ሳይፈላ የመሸበትን ቀን አላስታውስም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን እትዬ እዚያ ቤት ቡና አላፈላችም። ጎረቤት ሲጠራት ትሄዳለች፣ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። የእናቴ ጀበና በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። በአርባውም በሰማንያውም ከዚያ አልወረደም፤ ለሰው የተፈላው በተውሶ ጀበና ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ሐዘንማ ነበር፤ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ልንገራችሁ። ያኔ፣ ሥራ ቦታ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። «እናትህን ትንሽ አሟታል፤ እስኪ ብቅ በል» አሉኝ። ያገሬ ሰው ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በራሱ ላይ ሲደርስ ግን እንዳልገባው ይሆናል። በማለዳው መኪና ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርጄ በባጃጅ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድንኳኑን አየሁት። የእድራችን ድንኳን ነው፤ አንዱ ጎኑ ተቀድዶ በነጭ ጨርቅ ተጥፏል። ከልጅነቴ ጀምሮ በስንቱ ሰው በር ተተክሎ አይቼዋለሁ። ባጃጁ አልቆመም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ መታጠፊያ ላይ የቀረሁ ይመስለኛል። ለቀብሩ ደረስኩ። ለእሷ አልደረስኩም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በመስቀል ነበር። ቡና አፍልታ አቦሉን ጠጣን። ውኃ ጨምራ ጀበናውን መልሳ ስትጥድ እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ። «ቶናውን ሳትጠጣ?» አለችኝ። «እማዬ፣ መኪናው ያመልጠኛል። ለገና መጥቼ እስከ በረካ እጠጣለሁ» አልኳት። ለገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተች።

እና በዚያ ምሽት፣ «እትዬ፣ አንድ ታሪክ ላውራሽ?» አልኳት።

«ተረት ነው?»

«ልቦለድ ነው። የጃፓኖች።»

«አውራኛ። እንቅልፍ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም።»

«የቡና ቤት ታሪክ ነው። ያለ ቡና አይወራም።»

ዓይኗን ወደ ቁም ሳጥኑ አነሳች፤ ወዲያው መለሰችው። «ግድ የለም፣ ጀምር» አለችኝ።

ጀመርኩ። ቶኪዮ ውስጥ ምድር ቤት ያለች ትንሽ ቡና ቤት ናት። ስሟ ፉኒኩሊ ፉኒኩላ ይባላል። በታሪኩ ከተከፈተች ከ140 ዓመት በላይ ሆኗታል። ግድግዳዋ ላይ ሦስት ትልልቅ ሰዓቶች አሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ሰዓት ያሳያሉ፤ ልኩን የሚናገረው የመካከለኛው ብቻ ነው። ከወንበሮቿ በአንዱ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ተቀምጣ ልቦለድ ታነባለች። ነገ ብትመጣም እዚያው ናት፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ናት። መንፈስ ናት። በቀን አንድ ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ትነሳለች፤ ወንበሩ ባዶ የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የተቀመጠበት ሰው ቡና ይቀዳለትና ወደፈለገው ዘመን ይሄዳል።

«ውይ!» አለች እትዬ። «ታዲያ አገር ምድሩ አይሰለፍም?»

አይሰለፍም፤ ሕጉ ከባድ ነው። ከወንበሩ ንቅንቅ ማለት የለም። ማግኘት የሚቻለውም ያቺን ቡና ቤት ረግጦ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ወደኋላ ሄደህ ምንም ብትናገር፣ ምንም ብታደርግ፣ ዛሬ አይለወጥም፤ የሞተው ሞቷል። ቆይታህም ከሲኒው ላይ እንፋሎት ከተነሳበት ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነው። ሳይቀዘቅዝ ጨልጠኸው ካልተመለስክ፣ አንተም መንፈስ ሆነህ ወንበሩ ላይ ትቀራለህ። ያቺ ነጭ ለባሽ ሴት እንደዚያ የቀረች ናት።

እትዬ በመቆስቆሻው ፍሙን ነካ ነካ አደረገችው። «ካልተለወጠ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?»

መጽሐፉን የያዘ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልስ ስላልነበረኝ ወሬውን አዞርኩት። «ቡናው የየት አገር ቡና መሰለሽ?» አልኳት። ናጋሬ የሚባለው የቡና ቤቱ ባለቤት ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሞካ ካልሆነ አያቀርብም። ጃፓኖች የኛን ቡና በየመን ወደብ ስም ሞካ ይሉታል፤ ሞካ ሐረር፣ ሞካ ሲዳሞ እያሉ።

«የኛ ቡና?» ቀና አለች። «የኛው ቡና ነው ሙት ጋ የሚያደርሳቸው?»

ተነሳች። በርጩማውን ስባ ወጣችበትና ጀበናውን አወረደችው።

ጋዜጣውን ስትፈታው አላወራንም። አፉ ላይ ጥፍር የምታህል ሽራፊ አለችው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት ያደረስኩት ጉዳት ነው፤ እናቴ «አሁን ገና የኔ መሆኑ ታወቀ» ብላ አልለውጠውም ያለችበት። ከሣር ጠምዝዛ የሠራችው ውታፍ አንገቱ ላይ እንደተሰካ ነው። እትዬ ውታፉን ነቅላ አፍንጫዋን ወደ ጀበናው አስጠጋች፤ ከዚያ ሳትናገር ወደኔ ዘረጋችው። የዓመት ቡና ሸተተኝ፤ ደረቅ፣ አመድ አመድ የሚል፣ ግን ቡና። ለብ ባለ ውኃ ደጋግማ አለቀለቀችው፤ ባዶ ውኃ አፍልታ ደፋችው፤ እንደ አዲስ አሟሸችው። ቡናውን አጥባ ብረት ምጣዱ ላይ ስታምሰው ጭሱን አመጣችልኝ፤ በእጄ ወደ ፊቴ ሳብኩት። ከዚያ የሙቀጫው ድምፅ በዚያ ዝምታ ውስጥ ድም፣ ድም፣ ድም አለ። ግቢው ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል። ጎረቤት ግን አልጠራችም። ቡና ተወቅጦ ጎረቤት ሳይጠራ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ቀን ነው።

«እውነት እንዲህ ያለ ወንበር አለ?» አለችኝ እየወቀጠች።

ወንበሩ የለም። ስልኩ ግን አለ አልኳት። በዚያው በጃፓን፣ በሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ፣ ኦትሱቺ በምትባል ከተማ ኢታሩ ሳሳኪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የአጎቱ ልጅ በካንሰር ሞተበት። በአትክልት ቦታው ነጭ የስልክ ዳስ አቆመና ውስጡ ቁጥሩ በጣት የሚዞር ጥቁር ስልክ አስቀመጠ። ስልኩ ከምንም ሽቦ ጋር አልተያያዘም። «የንፋስ ስልክ» አለው። ቃሉን ንፋሱ ይውሰድልኝ ብሎ ለሟቹ ያወራበት ጀመር። በዓመቱ፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ባሕሩ ተነስቶ ከተሞችን ጠራረገ። ኦትሱቺ ብቻዋን ከ1,200 በላይ ሰው አጣች። ያን ጊዜ ሰው ወደዚያች ዳስ ይጎርፍ ጀመር። ገብቶ የቤቱን ቁጥር ያዞራል፤ የሌለ ቤት ቁጥር ነው። አንዳንዱ ያወራል፤ አንዳንዱ እጀታውን ይዞ ዝም ብሎ ይወጣል።

እትዬ አልደነቃትም። «እኛስ?» አለች። «ሙሾ ስናወርድ ሟቹን አንተ፣ አንቺ እያልን አይደል የምናናግረው? ይሰማናል ብለን ነው?» ዘነዘናውን አስቀመጠች። «ሳንናገረው የቀረነው ነገር ሆዳችን ውስጥ እንዳይሻግት ነው እንጂ።»

ጀበናው ተጣደ። ወደ ተከታዩ መጽሐፍ ገባሁ።

ታሪኩ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በኛና በፈረንጅ ዘመን መካከል ያለውን ያህል መሆኑ ነው፤ እኛ እንደሆንን ወደኋላ ለመሄድ ወንበርም አያስፈልገን። አራት ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ጎታሮ ነው፤ ከ22 ዓመት በፊት ወዳጁ ከነሚስቱ በመኪና አደጋ ሲሞትበት ትተዋት የሄዱትን ሕፃን አንስቶ እንደ ልጁ ያሳደገ። ልጅቷ ልታገባ ነው፤ አባቷ እንዳልሆነ አልነገራትም። ሙት ወዳጁ ጋ ሄዶ ለልጅህ ሠርግ ቃል ስጠኝ ሊለው ይፈልጋል። እትዬ «የወለደስ ያሳደገ ነው» አለችና አለፈችው።

ካዋጉቺ ሕጉን በየታሪኩ ከሀ እስከ ፐ ይደጋግመዋል። እዚህ ላይ የሚታክተው አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። እኔ ግን ጮክ ብዬ ሳወራው ነው ልክ መሆኑ የገባኝ። ሐዘንተኛ አንድን ነገር አንዴ ሰምቶ አይገባውም፤ ሞቷል፣ አይመለስም፣ አይለወጥም ብሎ መላልሶ ለራሱ መንገር አለበት። በየታሪኩ እትዬ ሕጉን ከኔ ቀድማ ትለው ጀመር፦ «አይለወጥም» ትላለች፤ «እሺ፣ ከዚያስ?»

ቡናው ገነፈለ፤ ወርዶ ሰከነ። አቦሉን ቀዳች። ለእኔ፣ ለራሷ። ሁለት ሲኒ ብቻ ረከቦቱ ላይ ሲታይ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ሰው ዩኪዮ ነው። ከአራቱ እኔን የያዘኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱን አውቃችሁታል። ኪዮቶ ሄዶ ሸክላ ሠሪ ለመሆን ዓመታት የደከመ ልጅ ነው፤ እናቱ ኪኑዮ በሩቅ ሆና ታስብለታለች። የራስህን ሥራ ትከፍታለህ ብለው አታለሉትና ዕዳ ውስጥ ወደቀ። እናቱ ስትሞት አጠገቧ አልነበረም። ወደ ቡና ቤቷ የመጣው እናቱን ለማየት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ቡናውን ላይጠጣ ነው የመጣው። እዚያው ከእናቱ ጋር ሊቀር።

ሙት ለማግኘት ለሚሄድ ሰው ቀጂዋ ሲኒው ውስጥ አንዲት ትንሽ ዘንግ ታስቀምጥለታለች፤ ቡናው ሊቀዘቅዝ ሲል ትጮኻለች። ከሙት ጋር የሚያወራ ሰው በገዛ ፈቃዱ አይነሳማ። ዩኪዮ እናቱን አገኛት። ሥራው ተሳክቶልኛል፣ ሁሉም ደህና ነው አላት። ትሰማዋለች፤ ፊቱን ታየዋለች። እናት ናትና የከሳውን ታያለች። ያቺ ዘንግ ስትጮህ ደግሞ፣ የቤቱን ሥርዓት ታውቀው ነበርና፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባት፤ እሷ መሞቷና ልጇ መመለስ አለመፈለጉ። ስለ ራሷ ሞት አንዲት ቃል አልጠየቀችም። ጠጣው አለችው። የሚሞት ልጇን ማዳን ካቃታት እናት የባሰ መከረኛ የለም፤ ይህን አታድርግብኝ አለችው። ቡናው እየቀዘቀዘ ነው። የሸክላ ሠሪ እጁ ሲኒው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ጠጣው?» አለች እትዬ።

«ጠጣው።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ያን ጊዜ ነው ሲኒዋን ያየሁት። አልነካችውም። እንፋሎቱ ጠፍቷል፤ ላዩ ላይ ስስ ነገር ጋርዶታል።

«እኔ ነኝ» አለች።

ምን እንደምትል አልገባኝም።

«እኔ ነኝ ያልነገርኩህ። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ስትውል ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አትንገሪው አለችኝ፤ ሥራ ላይ ነው፣ ይደነግጥብኛል፣ ይሻለኛል አለችኝ። አንተ ስትደውል ደህና ናት፣ ጋደም ብላ ነው እያልኩ…» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እሺ ባልላት ትደርስ ነበር። በእጇ ጀበና አፍልቼ እንዴት ብዬ ልጠጣ?»

እነዚያን ጥሪዎች አስታወስኳቸው። ጋደም ብላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ዓመት ሙሉ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ የተቀየምኩት አንድ ሰው ነበረኝ፤ ፊት የሌለው፣ ስም የሌለው፣ ቀድሞ ሊነግረኝ ሲችል ያልነገረኝ ሰው። አሁን ማንደጃው ማዶ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምንም አይደለም ልላት ፈለግሁ። አልወጣልኝም፤ እውነትም ምንም አይደለም አልነበረም። ስለዚህ የቀረኝን ታሪክ ቀጠልኩ፤ ያን ቀን አወራዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን።

«ቡናውን የምትቀዳውን ልጅ አልነገርኩሽም» አልኳት። ስሟ ካዙ ቶኪታ ነው። መጽሐፉ በጃፓንኛ «ይህ ውሸት ሳይታወቅ» የሚል ርእስ አለው፤ እንግሊዝኛው ላይ ይህ ጠፍቷል፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ሁሉ ለሚወዱት ሲሉ ይዋሻሉ። ካዙ ከሁሉም ዝምተኛዋ ናት። ትቀዳለች፣ ታስጠነቅቃለች፣ ፊቷ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም። ወንበሩ ላይ ያለችው ነጭ ለባሽ ሴት ደግሞ እናቷ ናት። ካናሜ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ነበር፤ ልታየው ሄደች፤ ቡናው ቀዘቀዘ፤ አልተመለሰችም። ያን ቀን ቡናውን የቀዳችላት ካዙ ናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እዚያው ቡና ቤት፣ ለእናቷ ሲኒ ሲኒ እየቀዳች፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት እያለች፣ ለራሷ ምንም ደስታ እንዳይገባ በሯን ዘግታ ታድጋለች።

«ሰባት ዓመቷ?» እትዬ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «የሰባት ዓመት ልጅ ምን አጠፋች? እናቷ ቅጂልኝ አለቻት፣ ቀዳች! ያዘዘቻት እኮ…»

ቆመች።

ፍሙ ተሰነጠቀና ብልጭታ ወጣ። ወደኔ አላየችም። እኔም ወደ ከሰሉ አየሁ። ንግግሯን አልጨረሰችውም፤ እንድትጨርሰውም አልጠየቅኳትም።

ብዙ ቆይታ፣ «ከዚያስ?» አለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

ከዚያስ አልኳት፣ አንድ ኩራታ የሚባል ልጅ አለ። በሽታ ይዞት ብዙ እንደማይቆይ ያወቀ። አሳሚ የምትባል የምትወደው ልጅ በሰባ ቀኑ ጽንስ ወርዶባት በሐዘን ስትጎዳ የነገራትን ነው ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤ ውስጥ የያዝኩት። እንደኔ አባባል እንዲህ ነው፦ ያ ልጅ በዚህ ዓለም ያለው ዕድሜ ሰባ ቀን ብቻ ነው። አንቺ ከዚህ በኋላ ስትከፊ ብትኖሪ፣ ሰባ ቀኑን የኖረው አንቺን ለማስከፋት ይሆናል። ደህና ሆነሽ ብትኖሪ ግን ሰባ ቀኑ ለዚያ ይሆንለታል። የዕድሜው ትርጉም አንቺ እጅ ላይ ነው የቀረው።

እትዬ በጣቶቿ አንድ ነገር ቆጠረች። ምን እንደቆጠረች አልጠየቅሁም። ሁለቱ ሳምንታት ይሆኑ ይሆናል፤ ወይም ከእህቷ ጋር የኖረችው ዕድሜ።

የመጨረሻውን ሰው ባጭሩ ነገርኳት፤ ሲመሽ ቃልም ይቀንሳል። ኪዮሺ የሚባል መርማሪ ፖሊስ ነው። ከ30 ዓመት በፊት በሚስቱ ልደት ቡና ቤቷ ውስጥ ሊያገኛት ቀጥሯት በሥራ ቀረ፤ ስትጠብቀው አምሽታ ስትመለስ ሌባ ገደላት። 30 ዓመት ሙሉ ያልሰጣትን የአንገት ሐብል ሊሰጣት ይሄዳል። ለእሱ ግን የቀዳችው ካዙ አልነበረችም። ሚኪ ናት፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ እናቷ ወልዳት የሞተችው፣ የናጋሬ ልጅ፤ ያቺ ሕፃን አድጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ካዙማ ነፍሰ ጡር ናት።

«እሰይ!» አለች እትዬ፣ ልጅቷ የሠፈራችን ልጅ እንደሆነች ሁሉ። «እሰይ፣ እሰይ!»

ከዚያ ሲኒዋን አነሳች። ያንን የቀዘቀዘ አቦል። ልቀይርልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ራሷን ነቀነቀችና እስከ አተላው ጨለጠችው።

«እትዬ፣ ቀዝቅዟል እኮ! በነሱ ሕግ ቢሆን ቀርተሽ ነበር።»

«የት ሄጄ?» አለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን እየጠረገች። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ጀበናው ላይ ውኃ ጨመረች፤ ውታፉን ሰካች፤ መልሳ ጣደችው። እኔ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ወደ ማንደጃው ዘረጋሁ። ቶናው እስኪፈላ ብዙ አይቆይም። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ጋቢዋን አጥብቃ በሩን ከፈተችው፤ ብርዱ ገባ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወደ አጥሩ ስትሄድ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆመች፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁት።

«ኧረ ጎረቤት! አልተኛችሁም? ቡና ኑ!»

ከማዶ ውሻ ጮኸ፤ በር ተንሿጠጠ።

«እናንተ ቤት?» አለ የሴት ድምፅ።

«እኛ ቤት! አቦሉ አምልጧችኋል፤ ለቶናው ድረሱ!»